የአሰገደች አውራ ጣት

በፈንታሌ ሁለት ሳይት መብራት የሄደው አንድ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። ይመጣል ተባለ። ይኸው አርባ ሁለት ዓመት ሞላው። ብሎክ አርባ አንድ ውስጥ ዛሬም ማብሪያ ማጥፊያቸውን እንደ በራ የተዉት ሽማግሌዎች አሉ፤ የመጣ ዕለት ወዲያው ለማወቅ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ያሉ አንዲት ሴትዮ ደግሞ ያን ማክሰኞ መሃል ላይ የቆመባቸውን የልብስ ማጠቢያ ማሽን እስካሁን አልከፈቱትም። አንሶላው ውስጡ ነው። "ጀምሮታል እኮ፣ ይጨርሰዋል" ይላሉ።

እስከዚያው ድረስ ዘንዶ ይሠራል።

ዘንዶ የሚገኘው በእጣ ነው። ለአንድ ብሎክ አንድ ዘንዶ፣ ለአንድ ዘንዶ አንዲት አሳዳጊ። አሳዳጊዋ ከአስራ አራት ዓመት በላይ፣ ከሃያ በታች የሆነች ልጅ መሆን አለባት። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። ቅጹ እንደዚያ ይላል።

ጠዋት አስራ ሁለት ተኩል ሲሆን ዘንዶዋ ጣራው ላይ አንገቷን ዘርግታ ወደ ትልቁ ቧንቧ ትተነፍሳለች። ትንፋሹ ከላይ ወደ ታች እየተከፋፈለ በየቤቱ ምድጃ ይገባል። ለእያንዳንዱ ቤት ሰባት ደቂቃ ይደርሰዋል። በሰባት ደቂቃ ሽሮ አንተክትኮ ማውረድ ያቃተው ሰው ባለሙያ ነኝ አይልም። ሠርግ የሚቆረጠው ዘንዶዋን ጉንፋን በማይዛት ወር ነው። ሽማግሌ ሊጠይቅ ሲመጣም የሚቀርብለት የመጀመሪያ ጥያቄ "የልጁ ቤት ስንተኛ ፎቅ ነው?" የሚል ነው። ላይኛው ፎቅ ትኩስ ይበላል፤ ምድር ቤት ያለው ለብ ያለ ነገር ከለመደ ቆይቷል።

የብሎክ አርባ አንድ ዘንዶ አሰገደች ትባላለች። አሳዳጊዋ ፍናን ያቤጽ ናት። መሆን የነበረባት ግን፣ ማዕዶት እንደምታስበው ከሆነ፣ ማዕዶት ናት።

ማዕዶት ኢዮስያስ አስራ ሰባት ዓመቷ ነው። አባቷ ከሞተ አምስት ዓመቱ ነው፤ ከእናቷ ከወይዘሮ ሶሊያና ጋር አራተኛ ፎቅ ትኖራለች። ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ወድቃ "ሁለት ዓመት አየሁት፣ አልተለወጠም" ብላ ትታዋለች። ትምህርት አይሁንላት እንጂ ወሬ ይሆንላታል። አንድ ክረምት ምድር ቤት ያሉትን ሰዎች "ዝናብ ሲበዛ የብሎኩ ደረጃ በአንድ ይጨምራል" ብላ አሳምናቸው እስከ መስከረም ሲቆጥሩ ከርመዋል። ሁለቱማ ጨምሯል ብለው ለኮሚቴው በጽሑፍ አመልክተዋል።

ፍናን የፊት ለፊቱ በር ናት። በአንድ ወር ተወለዱ፣ በአንድ ትሪ በሉ፣ ኩፍኝ እንኳ የያዛቸው አንድ ሰሞን ነው። ፍናን በክፍሏ ደረጃ የምትወጣ፣ ደብተሯን በላስቲክ የምትሸፍን፣ ክብሪት ስትጫር ክንዷን እስከ መጨረሻው የምትዘረጋ ልጅ ናት። እንዲህ ያለች ልጅ እንግዲህ እሳት ደረሳት።

እጣው የወጣው ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። ከብሎኩ ሠላሳ ስድስት ልጆች ተመዝግበው ነበርና የሠላሳ ስድስቱም ስልክ አንድ ላይ ጮኸ። በሠላሳ አምስቱ ላይ የነበረው "ስለ ተሳትፎዎ እናመሰግናለን" የሚል ነው። ማዕዶት የራሷን ስልክ አጥፍታ አበራችው። ምስጋናው እንደገና መጣ።

እንቁላሉ በአይሱዙ መጥቶ በሦስተኛው ቀን ተፈለፈለ። በማር ቀን ብሎኩ ሁሉ ጣራው ላይ ወጣ። ድሮ ሰው የሰው ልጅ ወስዶ የራሱ ሲያደርግ አውራ ጣቱን ማር ነክሮ ያጠባው ነበር፤ የጡት ልጅ ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ ከአብራክ ልጅ አይለይም። ዘንዶ ያረቡት ሰዎች ሰንሰለትም ፊሽካም ሥጋም ሞክረዋል አሉ። ዘንዶ እሺ ብሎ የተገዛው ለዚህ ብቻ ነው። ስለዚህ ሕግ ሆነ። የብሎኩ ኮሚቴ ሊቀመንበር ጋሽ ናሆም የማር ጣሳ ይዘው ቆሙ፤ ፍናን አውራ ጣቷን ነክራ ዘረጋች፤ ፍየል የምታክለው ግልገል ጣቱን ይዛ ጠባች። ጋሽ ናሆም "ከዛሬ ጀምሮ ልጅሽ ናት፣ እንደ ወለድሻት ነው" አሉ። ጣራው ላይ የተተከለው ካሜራ፣ የጣራው ዓይን የሚሉት፣ አይቶ መዘገበ። አሰገደች ፍናን ተባለች።

ማዕዶት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። የራሷን አውራ ጣት በሳሙና አጥባ ነበር የወጣችው። ምናልባት እንኳ ብላ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሆዷ ውስጥ አንድ ነገር ገብቶ ተከራየ። ጠዋት ከእሷ ቀድሞ ይነሳል። እሷ ስትታጠብ ይታጠባል፣ ስትበላ ይበላል፣ ፍናን በደረጃው ስታልፍ ብድግ ብሎ ይቆማል። ፍናን አውቶቡስ ላይ ወንበር ይለቀቅላታል፤ ማዕዶትም አየች። የፍናን ጸጉር በግራ በኩል ጫፉን እሳት ልሶታል፤ በሁለት ወር ውስጥ የሳይቱ ልጆች በሙሉ የግራ ጸጉራቸውን በሻማ መለብለብ ጀመሩ። አንዷ ጆሮዋን ጨምራ ለበለበች፣ እሷም አማረባት ተባለ። ከሁሉ የከፋው ግን የፍናን እሮሮ ነበር።

"ማዕዱ፣ አስጌ ዛሬ አኮረፈችኝ። አንድ ሰዓት ዘግይቼ ብወጣ ጀርባዋን ሰጠችኝ፣ ታምኛለሽ?"

"አላምንም።"

"ወላሂ። ከዚያ ጭራዋን እላዬ ላይ ጥላ ልነሳ ብል እምቢ። ሰው እንዲህ ይደረጋል?"

ማዕዶት ላይ ጭራ የጣለባት ማንም አልነበረም።

መቼም ዝም ብላ አትቀመጥም። አንድ እሑድ ወሬ ነዛች። አሰገደች ሌሊቱን በሰቃ ሐይቅ ላይ አስነጥሳ ውኃው ፈልቷል፣ ዓሣው በሙሉ ተቀቅሎ ተንሳፍፏል አለች። ሐሳቧ ሰው እንዲፈራና ፍናን "መቆጣጠር አልቻለችም" ተብላ እንድትነሳ ነው። በሁለት ሰዓት ውስጥ ከሰባት ብሎክ የወጣ ሰው ሎሚ፣ ጨውና ሚጥሚጣ ይዞ ሐይቁ ዳር ተሰልፏል። አንድ ሰውዬ ትሪ ረስቶ በር ነቅሎ መጥቷል። ዓሣ አልነበረም። ማንም ግን ወሬው ውሸት ነው አላለም። "ተቀድመን ነው" ተባብለው ተመለሱ። በማግስቱ ከአስራ ሁለተኛው ብሎክ ሽማግሌዎች መጥተው ፍናንን "ከእንዲህ ያለች ዘንዶ ጋር የምትኖረዋን ልጅ እንያት ብለን ነው" አሏት። ማዕዶት በሯን ዘግታ ትራሷን ነከሰች።

ዓመቱ አለቀና ፍናን የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ደረሰባት። ፈተናው ሐዋሳ ነው፤ ግቢ ገብተው አራት ቀን ይቆዩና በአምስተኛው ይመለሳሉ። ሰኞ ጠዋት ሻንጣዋን አንጠልጥላ የማዕዶትን በር አንኳኳች። እጇ ላይ የጣራው ቁልፍ ነበር።

"ጠዋት ድኝ ሁለት ቆርቆሮ" አለቻት። "ከሰዓት የአገዳ ምጣጭ። ካሳላት ጀርባዋን መታ መታ አድርጊያት።"

"ለእናትሽ ለምን አትሰጫትም?"

"እማዬ ትፈራታለች። አንቺ ደግሞ ምን ትፈሪያለሽ።" ቁልፉን መዳፏ ውስጥ አስቀምጣ ጣቶቿን አጠፈችላት። "ካንቺ ሌላ የማምነው ሰው የለኝም።"

ይህ ማዕዶትን ከስድብ በላይ ለበለባት። የሚሰድቡትን ሰው መልሶ መስደብ ይቻላል።

"ደግሞ ብታኮርፍሽ እንዳይከፋሽ" አለች ፍናን ደረጃው ላይ ሆና። "ከኔ በቀር ሰው አትወድም። ተፈጥሮዋ ነው።"

ያን ቀን ከሰዓት አሰገደች ፊቷን ወደ ሐዋሳ አዙራ ተኛች። ሚኒባስ የምታክል ሆናለች፤ ስትተኛ ጣራው ጥግ እስከ ጥግ ይሞላል። ማክሰኞ ጠዋት አስራ ሁለት ተኩል ሆነ፣ አንገቷን አልዘረጋችም። ብሎኩ በሶ በጠበጠ። ረቡዕም በሶ። ሕፃናት ማልቀስ ጀመሩ፤ አንድ የአምስተኛ ፎቅ ሰውዬ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቱ ቀዝቃዛ ነገር ጎርሶ "ምድር ቤት ያሉት ሰዎች እንዲህ ነው የሚኖሩት?" ብሎ ጠየቀ። ጎረቤት ሁሉ ወደ ማዕዶት በር መጣ።

"አንቺ ልጅ፣ ምን አደረግሻት?"

"ምንም።"

"አንቺና ምንም መቼ ተዋውቃችሁ ታውቃላችሁ?"

ማዕዶት ወደ ጋሽ ናሆም ወረደች። ጋሽ ናሆም ቢሯቸው በአንደኛና በሁለተኛ ፎቅ መካከል የቆመው ሊፍት ነው፤ በበርጩማ ወጥተው ይገባሉ። በአርባ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ከፎቅ ፎቅ ተንቀሳቅሶባቸው አያውቅም፣ ቢሆንም ሲገቡ አንዱን ቁልፍ መጫን አይተዉም።

"ጋሼ፣ ዘንዶዋ የፍናን የሆነችው በማሩ ነው?"

"ማር ምን ያደርጋል ልጄ። በአውራ ጣቱ ነው። ያጠባ ወላጅ ነው፣ የጠባ ልጅ ነው። ምስክሩ የጣራው ዓይን።"

"ሌላ ሰው ደግሞ ቢያጠባትስ?"

ጋሽ ናሆም መነጽራቸውን አወለቁ። "ሕጉ ላይ አልተከለከለም። የሚያስበው ሰው ይኖራል ብለው ስላልጠረጠሩ ይመስለኛል።"

"ከሆነ በኋላስ ይፈርሳል?"

"የቤቱ ታላቅ ከፈቀደ ብቻ። ምነው?"

"እንዲያው ለወሬ ነው።"

"ለወሬ ከሆነ እሺ" አሉ ጋሽ ናሆም።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ማዕዶት ጣራው ላይ ነበረች። እናቷ ለሳል ብላ ቁም ሳጥን ውስጥ የደበቀችውን ማር በቆርቆሮው ይዛለች። አውራ ጣቷን እስከ አንጓው ነክራ ከአሰገደች አፍንጫ ስር አቀረበችው። አሰገደች አሸተተችው። ከዚያ ፊቷን ወደ ሐዋሳ መለሰች። ማዕዶት ዞራ በሌላው በኩል አቀረበች። አሰገደች ዓይኗን ከደነች።

"እሺ፣ እኔ ምን ይጎድለኛል?" አለች ማዕዶት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የጀመረችው። "እሷ ስትተነፍሺ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ትላለች፤ አላየሁም መሰለሽ? እኔ አልልም። እሷ ወደ ፈተናዋ ሄደች። ነገ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች፣ ከነገ ወዲያ አዲስ አበባ ናት። የምቀረው እኔ ነኝ። እኔ የትም አልሄድም፤ የት ይወስዱኛል? ስምንተኛ ክፍል እንኳ አልወሰደኝም።"

ከዚያ ያላሰበችው ነገር መጣባት፣ አለቀሰች። አባቷ ከተቀበረ ወዲህ ያላለቀሰችውን ጨምራ ነው ያለቀሰችው። ማር የነካውን እጇን ፊቷ ላይ ጠረገችና ጉንጯ ተጣበቀ።

አሰገደች ዓይኗን ገለጠች። ከተኛችበት ቀና ብላ ልጅቱን ትክ ብላ አየቻት፤ ከእግር እስከ ራስ፣ አንድ ነገር እንደምትመዝን። የፊት እግሯን አነሳች። አውራ ጣቷ የማዕዶትን ክንድ ያህላል። ወደ ቆርቆሮው ከተተችው፤ ቆርቆሮው ተጣብቆ አብሮ ተነሳ። አንዴ አራገፈችው፣ እምቢ አለ። ሁለተኛ ስታራግፈው ቂጡ ተቀዶ ጣቷ በዚያ በኩል ብቅ አለ፤ ቆርቆሮው እንደ ቀለበት ቀረ። ማር የሚንጠባጠበውን ጣት አምጥታ ከማዕዶት ከንፈር ፊት ያዘችው። የምታውቀው ነገር ይህን ብቻ ነበር፤ የሚያለቅስ ትንሽ ነገር ሲያጋጥም የሚደረገውን አንድ ጊዜ ተደርጎላታል።

ማዕዶት ሞኝ አይደለችም። ያጠባ ወላጅ፣ የጠባ ልጅ፤ ከሁለት ሰዓት በፊት በጆሮዋ ሰምታለች። ጣቱ ግን እዚያው ከፊቷ አለ፣ እየጠበቀ። በዚያች ቅጽበት በራሷ ውስጥ ያለፈው አንድ ሐሳብ ብቻ ነው። ለፍናን እንዲህ አድርጋላት አታውቅም።

ጠባች።

ማር ማር፣ ድኝ ድኝ፣ ትንሽ ደግሞ ብረት ብረት ይላል። አሰገደች ከደረቷ ውስጥ ከዚህ በፊት ማንም ያልሰማው ድምፅ አወጣች፤ አንድ መቶ ድመት በአንድ በርሜል ውስጥ እንደማለት ነው። ከዚያ ወደ ቧንቧው ዞራ ተነፈሰች። ብሎኩ ተንቀጠቀጠ። ከአምስተኛ ፎቅ እስከ ምድር ቤት ድስት ሲንኳኳ፣ ክዳን ሲጋጭ፣ ሰው ሲሯሯጥ ተሰማ። ምድር ቤት ያሉት በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ምላሳቸውን ተቃጠሉና በኩራት ለየጎረቤቱ አሳዩ። ማዕዶት ከላይ ሆና ሰማች። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ስልኳ ጮኸ።

"የተከበሩ ማዕዶት አሰገደች ፍናን፣ እንኳን ደስ አለዎት። የጡት ልጅነትዎ ዛሬ ስምንት ሰዓት ከአስራ አራት ደቂቃ ላይ ተመዝግቧል። እናት፦ አሰገደች ፍናን። አያት፦ ፍናን ያቤጽ። የልጅ ድርሻ ድኝ አስራ ሁለት ኪሎ በየወሩ ይደርስዎታል። አገልግሎታችንን ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይመዝኑ።"

ስሟን ሦስት ጊዜ አነበበችው። በሦስተኛው ላይ ዓይኗ መጨረሻው ቃል ላይ ቀረ። ከአሁን ጀምሮ ስሟ በተጠራበት ቦታ ሁሉ፣ በመታወቂያዋ፣ በሠርግ ወረቀቷ፣ በመቃብሯ ላይ፣ ከኋላዋ ፍናን ትቆማለች።

ወደ ደረጃው ተራመደች። አሰገደች የሹራቧን ኮሌታ በጥርሷ ጫፍ ይዛ አንስታ ወደ ክንፏ ስር መለሰቻት። ከታች ቧንቧው ጸጥ አለ። ወዲያው አንድ ሰው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "ማዕዶትዬ፣ እባክሽ ትንሽ ቆይልን፣ ወጥ ጥደናል" አለ። ቆየች። ሰባት ደቂቃ ተባለ፣ ከዚያ እስከ ራት ተባለ፣ ከዚያ ማንም ጊዜ መጥቀስ ተወ። ፍራሽ ተላከላት። ብርድ ልብስ ተላከላት። ሁሉም በጣም በትሕትና ነበር።

ወይዘሮ ሶሊያና ስልኳን ይዛ ወጣች። ከደረጃው ጫፍ አላለፈችም፤ አሰገደች አንገቷን አስግጋባታለች።

"ኢዮስያስ የት ሄደ?" አለች።

"እማዬ፣ አንቺ እኮ..."

"እኔ የጠየቅኩሽ የአባትሽ ስም የት ሄደ ነው።"

ማዕዶት የስልኳን ፊት ወደ ሹራቧ ገለበጠችው።

"ልጄን ስጪኝ" አለች ወይዘሮ ሶሊያና፣ ለዘንዶዋ። አሰገደች ክንፏን ዝቅ አደረገች፤ ማዕዶት ከእናቷ ዓይን ተሸፈነች።

ጋሽ ናሆም መጥተው ደንቡን በስልካቸው አነበቡ። ማፍረስ የምትችለው የቤቱ ታላቅ ናት። የቤቱ ታላቅ ፍናን ናት። ፍናን አርብ ትመጣለች።

ሁለት ቀን በክንፍ ስር አለፈ። ጠዋት አሰገደች ጭንቅላቷን በምላሷ ታጥባታለች፤ አራት ጊዜ፣ ከፊት ወደ ኋላ። ድኝ አኝካ አድቅቃ ከፊቷ ታስቀምጥላታለች፤ ማዕዶት የበላች ትመስልና ከቧንቧው ኋላ ትደብቀዋለች። እናቷ ከደረጃው ጫፍ ላይ በእንጨት ገፍታ ምግብ ትሰጣታለች፣ አታናግራትም። ማዕዶት እናቷ ስትወርድ የኮቴዋን ድምፅ እስከ አራተኛ ፎቅ ትከተለዋለች። አሳፈራት። ቢሆንም ጭራው እላይዋ ላይ ሲያርፍ፣ ማፈሩ ለጊዜው ይተዋታል።

አርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፍናን ከአውቶቡስ ወርዳ፣ ሻንጣዋን ምድር ቤት ጥላ፣ አምስቱን ፎቅ ሮጣ ወጣች። ስልኳን ፈተናው ግቢ በር ላይ ተቀብለዋት ስለነበረ ነገሩን የሰማችው መንገድ ላይ ነው።

"አስጌ" አለች።

አሰገደች ዞራ አየቻት። ወደ እሷ አንገቷን ዘርግታ አሸተተቻት፣ በአፍንጫዋ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት። ደግ ሰላምታ ነበር፤ ሰው እናቱን ሲያገኝ የሚሰጠው ዓይነት። ከዚያ ወደ ማዕዶት ተመልሳ ጭንቅላቷን መላስ ቀጠለች።

ማዕዶት የፍናንን ፊት አየች። ያ ሆዷ ውስጥ ተከራይቶ የነበረው ነገር ቤት ሲቀይር በዓይኗ አየችው። ደስ አላት፤ ደስ ስላላት ደግሞ ደነገጠች፣ ግን አልተወችውም።

"ፈተና እንዴት ነበር?" አለች።

"ቁልፉን ሰጥቼሽ እኮ ነው የሄድኩት" አለች ፍናን።

"አያትሽ ናት፣ በወጉ አናግሪያት" አሉ ጋሽ ናሆም ከኋላ። ሁለቱ እናቶች አብረዋቸው ወጥተዋል፤ የፍናን እናት ወይዘሮ ኤልዳና የደረጃውን ብረት ጨብጣለች።

"አያቴ፣ ፈተና እንዴት ነበር?"

ማንም አልሳቀም። ጋሽ ናሆም ስልካቸውን ለፍናን አቀረቡ። ቅጹ ተከፍቷል፤ ከታች አውራ ጣት የሚቀመጥበት ክብ አለ። ወይዘሮ ሶሊያና ወደ ፍናን ቀርባ ትከሻዋን ያዘች።

"ፍናንዬ፣ አንቺን ከልጄ ለይቼ አላሳደግኩም። መልሺልኝ።"

ፍናን አውራ ጣቷን ከክቡ በላይ ያዘችው።

"ትፈልጊያለሽ?" አለቻት ማዕዶትን።

ማዕዶት እናቷን አየች። እናቷ ሦስት ቀን የለበሰችውን ልብስ አልቀየረችም። አዎ ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ፍናን ዓይኗን ለአንድ አፍታ ወደ አሰገደች ክንፍ፣ ማዕዶት ወደተኛችበት ስፍራ ጣለች፤ ቦታ እንደሚለካ ሰው።

"አንቺ የምትፈልጊው እኔ እንድነሳልሽ ነው" አለች ማዕዶት።

"አዎ" አለች ፍናን። ዋሽታ አታውቅም።

"እንግዲያው አልፈልግም።"

"አንቺ ልጅ" አለች ወይዘሮ ሶሊያና። ድምፅዋ የሌላ ሰው ነበር።

"ተጫኚው፣ እሷን አትስሚ" አሉ ጋሽ ናሆም። "የአንቺ ፈቃድ ብቻ ነው የሚጠየቀው።"

ፍናን አልተጫነችም። አሰገደችን እያየች ነው። ብትጫነው ማዕዶት ትወርዳለች፤ አሰገደች ደግሞ ፊቷን ወደ ደረጃው አዙራ ትተኛለች፣ በሶ ይበጠበጣል፣ ጭራው በማንም ላይ አያርፍም። ይህን ለማወቅ አስራ ሁለተኛ ክፍል መድረስ አያስፈልግም። ስልኩን ለጋሽ ናሆም መለሰች። በጣራው ላይ በቀጥታ ተራምዳ አሰገደች ፊት ተንበረከከች፣ የፊት እግሯን በሁለት እጇ አነሳች፣ ቆርቆሮ የጠለቀበትን አውራ ጣት አየችው። ማሩ በቆርቆሮው ጠርዝ ላይ ደርቆ ቀርቷል።

"ፍናን፣ ተይ" አለች ወይዘሮ ኤልዳና።

ፍናን ሁሌም ሥራ ስትጀምር ትጨርሳለች። ጣቱን አፏ ውስጥ ከትታ ጠባች።

የሁሉም ስልክ ጮኸ። ጋሽ ናሆም ጮክ ብለው አነበቡ።

"የተከበሩ ፍናን አሰገደች ፍናን፣ እንኳን ደስ አለዎት። እናት፦ አሰገደች ፍናን። እህት፦ ማዕዶት አሰገደች። አያት፦ ፍናን አሰገደች።" አቁመው እንደገና አነበቡት። "የራስሽ አያት ሆነሻል" አሏት።

"ይሁን" አለች ፍናን።

"ይሁን አይባልም። አሁን የቤቱ ታላቅ ማን ናት?"

"እኔ።"

"አንቺስ የማን ልጅ ነሽ?"

"የአስጌ።"

ጋሽ ናሆም የፍናንን እጅ ይዘው በግድ ከክቡ ላይ አስቀመጡት። ስልኩ ትንሽ አሰበና መለሰ፤ "ፈቃጅዋ በወላጅ ሥር ያሉ ልጅ ናቸው። እባክዎ አያትዎን ይዘው ይቅረቡ።"

ወይዘሮ ኤልዳና የመጨረሻው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ወይዘሮ ሶሊያና አጠገቧ ተቀመጠች። ከአስራ ሰባት ዓመት በፊት በአንድ ወር ወልደው ሲጠያየቁ እንደተቀመጡት ጎን ለጎን ነበሩ፤ አሁን ግን የሚታቀፍ አልነበራቸውም። ከታች የአንድ ድስት ክዳን ተንኳኳ፤ ሰው ቧንቧውን እየጠበቀ ነው።

አሰገደች ቀኝ ክንፏን አነሳች። ፍናን ገባች። አሰገደች ወደ ቧንቧው ተነፈሰች፣ ብሎኩ ተንቀጠቀጠ፣ ሽሮ ከየፎቁ ሸተተ። በግራ ክንፍ ማዕዶት፣ በቀኝ ክንፍ ፍናን ተኝተው በዘንዶዋ አንገት ስር ተያዩ።

"ያንቺ ይሞቃል?" አለች ፍናን።

"ይሞቃል። ያንቺስ?"

"በጣም።"

ማዕዶት እጇን በዘንዶዋ ደረት ስር አሻግራ የዚያኛውን ክንፍ ሙቀት ለመለካት ሞከረች፤ አልደረሰላትም። አሰገደች አንገቷን አጥፋ የፍናንን ጭንቅላት መላስ ጀመረች፣ ከፊት ወደ ኋላ። ማዕዶት ቆጠረች። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት።

አምስት።

ማዕዶት ወደ አሰገደች ዞራ ትንሽ አሳለች። ደህና ነበረች።